የሞላ የመሰለው የመሰላ መኪና

ሰኞ ጠዋት 12 ሰዓት ከሩብ ላይ ጭሮ መናኸሪያ ደርሻለሁ። ቤቴ ጭሮ፣ ወንበሬ መሰላ ወረዳ የሆነ የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ። ሰኞ ወጥቼ ዓርብ እመለሳለሁ፤ ባለቤቴ «ሳምንቱን መሰላ በላው» ትላለች።

«መሰላ! መሰላ! ሙሉ ነው! ቶኮ ቆፋ! አንድ ሰው ብቻ!»

ይህን ጥሪ ሰምቶ ረጋ ብሎ የሚራመድ ሰው አላውቅም። አንድ ሰው ብቻ ነዋ! ያ አንድ ሰው እኔ ካልሆንኩ ሌላ ሊሆን ነው። ቦርሳዬን አቅፌ ሮጥኩ። ከጎኔ የምትሮጥ አንዲት እናት በባዶ ጀሪካን ጉልበቴን ብትመታኝም ቀደምኳት። እግዜር ይቅር ይበለኝ፤ መናኸሪያ ውስጥ ጨዋነት የሚጀምረው ወንበር ከተያዘ በኋላ ነው። አባዱላው በመስኮቱ ሲታይ እውነትም ጢም ብሏል። አባዱላ በኦሮምኛ የጦር አዝማች ማለት ነው፤ ቶዮታ ሃያስ ለተባለው መኪና ይህን ስም ያወጣለት ሰው አሳፋፈሩን አይቶ መሆን አለበት። በሩ አጠገብ ያለችውን ታጣፊ ወንበር ያዝኩና፣ አንዱ ሰው ተገኝቷልና አሁን እንሄዳለን ብዬ ቦርሳዬን ጭኔ ላይ አደላደልኩ።

አልሄድንም። ረዳቱ «አንድ ሰው ብቻ!» ማለቱን ቀጠለ። ባለጀሪካኗ እናት ደረሰች። እሷ ስትገባ ከኋላ ወንበር አንድ ወጣት ቀስ ብሎ ተነሳና «ይቅርታ ጋሼ» ብሎኝ ወረደ። ሌላ ሰው መጣ፤ ሌላ ወጣት ወረደ። ሁለት ነጋዴዎች ተከታትለው መጡ፤ ሁለት ወጣቶች ተከታትለው ወረዱ። ከሩብ ሰዓት በኋላ ሒሳቡ ገባኝ። መኪናው ሞልቶ የነበረው በማይሄዱ ሰዎች ነው።

የመጨረሻው ወጣት ገና አጠገቤ ተቀምጧል። ትልቅ ሻንጣ ጭኑ ላይ አኑሮ፣ በየደቂቃው ሰዓቱን እያየ፣ «አቦ እንሂድ እንጂ! ሰው እኮ ጉዳይ አለው!» እያለ ከሁላችን አብልጦ ሲጮህ የነበረው እሱ ነው። ጩኸቱ ልክ ስለመሰለኝ እኔም አብሬው ጮኬያለሁ።

«አንተ ልጅ፣ አትሄድም እንዴ?» አልኩት።

«የት?»

«መሰላ ነዋ።»

«እኔ መሰላ ምን አለኝ ጋሼ? ሥራ ላይ ነኝ።»

«ሥራህ ምንድን ነው?»

«መቀመጥ።»

ልስቅ ብዬ አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት። እኔስ መሰላ ድረስ የምሄደው ምን ልሠራ ነው? ልዩነታችን እሱ ወንበሩ ለባለጉዳይ ሲፈለግ ወዲያው መነሳቱ ብቻ ነው።

ሥራውን ደግሞ አያቃልለውም። አንድ መኪና ሞልቶ ሲወጣ ረዳቱ የሻይና የኢጃባና ይሰጠዋል። (ኢጃባና ለማያውቅ አንባቢ፦ ዓይን የሚገልጥ የጠዋት ጫት ነው፤ ከሰዓት በኋላ ከሚያዘው በርጫ ጋር አይምታታ።) ሻንጣው ውስጥ ምን እንዳለ ጠየቅሁት። «ሌላ ሻንጣ» አለኝ። ዝም ብሎ ለሚቀመጥ ሰው የሚከፈለው ያንሳል፤ መንገደኛ የሚመስል የተሻለ ያገኛል፤ በመዘግየቱ የሚበሳጭ ደግሞ ዋናው ነው። «ሰው ሲበሳጭ መኪናው ሊሄድ ነው ብለው ያምናሉ» አለኝ። የመሰላ መኪና እንግዲህ መጀመሪያ የሞላ ይመስላል፤ ስለመሰለም ይሞላል።

1 ሰዓት ከ10 ላይ ወጣን።

ይህን ታሪክ ያነሳሁት ዓርብ ስመለስ የጠበቀኝ ወሬ ስላለ ነው። «ጭሮ የከተማ አውቶቡስ ሊገባላት ነው። መስመሩን የሚይዘው የግል ኩባንያ ነው አሉ።» ይህ ወሬ በየጥቂት ዓመቱ እንደ አንበጣ ብቅ ይልና ምንም ሳይበላ ይሄዳል። እስከዚያው ግን የሻይ ቤት ሰው ቢያንስ አንድ ሳምንት ይጠግብበታል።

ለጊዜው የከተማችን አውቶቡስ ባጃጅ ናት። ባጃጅ ሕንድ አገር ያለ የፋብሪካ ስም ነው፤ እኛ ግን የዕቃው ስም አድርገነው ከሌላ ፋብሪካ የመጣችውንም «ቲቪኤስ የሚባል ባጃጅ» እንላታለን። የምትጭነው ሦስት ሰው ነው። ከኋላ ሦስቱ ይቀመጣሉ። ከዚያ ሾፌሩ በግራ ጎኑ ግማሽ ሰው፣ በቀኝ ጎኑ ግማሽ ሰው ይጨምራል፤ ሁለት ግማሽ አንድ ስለሆነ ትርፍ የጫነ አይመስለውም። ትራፊክ ፖሊስ ከሩቅ ሲታይ ግማሾቹ ወርደው ፖሊሱን በእግራቸው ሰላም ብለው ያልፉና ከማዶ እንደገና ይሳፈራሉ። ፖሊሱም ሰላምታውን ይመልሳል።

ሻይ ቤቱ ውስጥ ሦስት ሰዎች ወሬውን ተቀባብለውት ደረስኩ። ሐጂ፣ የቡና ነጋዴ ናቸው። መምህሩ፣ ታሪክ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ የወጡ ናቸው። ሦስተኛው ባጃጁን በር ላይ አቁሞ ሻይ የሚጠጣ ልጅ ነው።

«የግል ከሆነ ይሠራል» አሉ ሐጂ። «የመንግሥት ነገር ሲበላሽ ማን ያዝናል? የግል ግን የተበላሸች ዕለት ባለቤቷ እንቅልፍ አይወስደውም።»

«የግል ከሆነማ ታሪፉን ማን ይይዘዋል?» አሉ መምህሩ። «እሱ ተኝቶ እኛ ነን እንቅልፍ የምናጣው።»

«እኔስ?» አለ ባለባጃጁ። «እኔ ከወዴት ነኝ? የግል አይደለሁም?»

ሁለቱም ዞረው አዩት። የግል ኦፕሬተር ሲባል ሕንፃና መስታወት እያሰቡ ስለነበር፣ ላለፉት ዓመታት ከተማዋን ጠቅልሎ የያዘው የግል ኦፕሬተር ፊት ለፊታቸው ሁለት ማንኪያ ስኳር እያማሰለ መሆኑን ልብ አላሉትም።

«የቀን ገቢ ለባለቤቱ አስገባለሁ» አለ ልጁ። «ነዳጅ እቀዳለሁ። ከዚያ በላይ የተገኘው የኔ ነው።»

«ካልተገኘስ?» አልኩት።

«ካልተገኘም የኔ ነው። ያልተገኘው።»

መምህሩ በዚህ ጊዜ ታሪክ ማስተማር ጀመሩ፤ ጡረታ የወጣው ደመወዛቸው ነው እንጂ እሳቸው አይደሉም። «የግል አውቶቡስ አዲስ ነገር ነው ያላችሁ ማን ነው? የአዲስ አበባው አንበሳ በ1935 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ከጣሊያን በተማረኩ አምስት መኪናዎች ነው። በ1944 የአክሲዮን ማኅበር ሆነ። አክሲዮን! ትርፍ የሚያስብ ማኅበር! ደርግ መጥቶ ወረሰውና የመንግሥት ሆነ። ከደርግ በኋላ ደግሞ ‹የግል ይግባበት› ተባለ።» እውነታቸውን ነው። በ2000ዎቹ አጋማሽ አሊያንስ የተባለ የአክሲዮን ኩባንያ በአዲስ አበባ መስመሮች ላይ አውቶቡስ ሲያሰማራ ሰዉ «የመጀመሪያው የግል የከተማ አውቶቡስ» እያለ ተደነቀ፤ አያቱ ግን በአክሲዮን ተሳፍሮ ነበር። ከዚያ በ2008 ከተማው ራሱ ሸገርን አመጣ፤ በኋላ አንበሳና ሸገር ተዋሕደው አንድ የከተማ ድርጅት ሆኑ። ማርኮ፣ ሸጦ፣ ወርሶ፣ ፈቅዶ፣ አዋሕዶ። እዚያው ፌርማታ ላይ የቆመ አንድ ረጅም ዕድሜ ያለው ሰው ይህን ሁሉ አምስት ዓይነት ቀለም ሲቀባ አይቶታል።

(መምህሩ እግረ መንገዳቸውን ሌላም ነገር ጣል አደረጉ። ጭሮ ያለችበትን ጨርጨርን በአንድ ወቅት የገዙት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮሜዲያ» የተባለውን ቲያትር የጻፉት ናቸው። ለአውሬ ይህን ያህል የሚያስብ ሰው በገዛው አገር አንድ አንበሳ እንኳ አለመመደቡ ያንገበግባቸዋል።)

ክርክሩ «የግል ይሻላል፣ የመንግሥት ይሻላል» ላይ እንደተወጠረ ቀረ። እኔ ግን ሰኞ ያገኘሁት ልጅ ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። ወንበር ላይ በመቀመጥ የሚኖር ሰው ካለ፣ አውቶቡሱ የማን ነው ብሎ መጠየቅ ምን ያደርጋል? በሩ ላይ የቆመው ሰው ምሳውን የሚበላው በምንድን ነው? እኔን የሚያስጮኸኝ ይኸኛው ጥያቄ ነው።

የገባኝን ላስረዳ። ሹፌርና ረዳት በሰው ቁጥር ከበሉ፣ ሰው ይወዳሉ። በጣም ይወዳሉ። ከ200 ሜትር ርቀት ያዩሃል፣ ሳታስብ ያስቆሙሃል፣ አያትህ ቤት ገብተህ ሻይ ስትጠጣ በጥሩንባ ይጠሩሃል። መኪናው ጢም ብሎም «ትንሽ ጠጋ ጠጋ» ይላሉ። የሚበሉት አንተን ነውና እስክትሞላ አይሄዱም፤ ሞልተህም አይጠግቡም። በወር ደመወዝ ከበሉ ደግሞ ሰውን መውደዳቸው ያበቃል። አይጠሉህም፤ አያዩህም እንጂ። ፌርማታ ላይ እጅህን አንስተህ ስትወዘውዝ ዝንብ የምታባርር ይመስላቸዋል።

አዲስ አበባ ተማሪ ሳለሁ ይህን በአካል ቀምሼዋለሁ። ዝናብ እየዘነበ 40 ደቂቃ የጠበቅሁት አንድ የከተማ አውቶቡስ ግማሽ ባዶውን መጥቶ፣ ጎማውን ኩሬው ውስጥ ነክሮ፣ እኔን ከእግር እስከ አንገት አጥቦ አለፈ። ሹፌሩን በጎን መስተዋቱ አየሁት። ፊቱ ላይ ክፋት የለም። እንዲያውም የሰላም ፊት ነው። እኔ ገባሁ አልገባሁ ልጁ ወተት መጠጣቱን አያቋርጥም። ከኋላው የደረሰው ሰማያዊ ሚኒባስ ግን ወያላው እስከ ወገቡ በመስኮት ወጥቶ «አራት ኪሎ! አራት ኪሎ! ና ግባ ወንድሜ፣ ረጥበሃል እኮ!» አለኝ። እናቴ እንኳ እንደዚያ አዝናልኝ አታውቅም። ገባሁ፤ አራት ሰው በሚቀመጥበት ላይ አምስተኛ ሆኜ።

ይህ የኛ አገር በሽታ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በቺሊ ዋና ከተማ በሳንቲያጎ ቢጫ አውቶቡሶች ነበሩ። ሹፌሮቹ የሚከፈላቸው በቆረጡት ቲኬት ልክ ስለነበር ለአንድ ተሳፋሪ ሁለት አውቶቡስ ይሽቀዳደም ነበር። በየካቲት 1999 ዓ.ም.፣ እኛ ሚሊኒየም ልንቀበል ሽር ጉድ ስንል፣ መንግሥት ቢጫዎቹን ከመንገድ አስወጥቶ መስመሮቹን በጨረታ ላሸነፉ ኩባንያዎች አስረከበ። አዲስ አውቶቡስ፣ አዲስ ቀለም፣ የኤሌክትሮኒክ ካርድ፣ ሹፌሩም ባለ ደመወዝ። ሽቅድድሙ በአንድ ጀምበር ቆመ። ችግሩ አውቶቡሶቹም ፌርማታ ላይ መቆም መተዋቸው ነው! ትናንት ሰው ለመያዝ ሕይወቱን ይሰጥ የነበረ ሹፌር ዛሬ ሕዝቡን አልፎ ይነዳል። ሰው መንገድ ላይ ቀረ፣ ተቆጣ፤ ፕሬዚዳንቷ ሚሼል ባችሌት ሕዝቡን ይቅርታ እስከ መጠየቅ ደረሱ። ስለ አውቶቡስ ይቅርታ የጠየቀ መሪ መኖሩን ለሐጂ ስነግራቸው «ዋላሂ?» ብለው ሻያቸውን አስቀመጡ።

እንግሊዞችም አላመለጡም። ከለንደን ውጭ ያለውን የአውቶቡስ አገልግሎት በ1979 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ለገበያ ለቀቁት። ማንም ፈቃድ ያለው ኩባንያ ትርፍ አለው ባለው መንገድ ይነዳል። ማንቸስተር መሐል ከተማ አውቶቡስ በአውቶቡስ ላይ ተደራረበ፤ ትርፍ የሌለው መንደር ግን መኪና ናፈቀው። የኛን መናኸሪያ በእንግሊዝኛ አስቡት፦ «አንድ ሰው ብቻ፣ ክቡር ሆይ!» ማንቸስተር ወደ 40 ዓመት ግድም ታግሳ፣ ከ2016 እስከ 2017 ዓ.ም. መስመሮቿን ደረጃ በደረጃ በከተማው ቁጥጥር ሥር መለሰች። ስሙንም «ንብ» አሉት። እኛ አንበሳ አልን፣ እነሱ ንብ፤ የትራንስፖርት ነገር ከአውሬና ከነፍሳት አይወጣም።

ለንደን ግን የተለየ ዘዴ አላት፤ እሱን ስሰማ ነው ከወንበሬ የተነሳሁት። አውቶቡሶቹን የሚነዱት የግል ኩባንያዎች ናቸው፤ መስመሩን፣ ታሪፉንና ሰዓቱን የሚወስነው ከተማው ነው። ኩባንያው የሚከፈለው በጫነው ሰው ቁጥር አይደለም። ቶሎ ቶሎ በሚመላለስ መስመር ላይ የሚለካው ሰዉ ፌርማታ ላይ ከሚገባው በላይ ስንት ደቂቃ እንደቆመ ነው። ጥበቃው ካጠረ ጉርሻ አለ፤ ከረዘመ ይቆረጥበታል። የቆመ ሰው ደቂቃ ዋጋ አለው ማለት ነው! እኔ ጭሮ መናኸሪያ እስከ ዛሬ የቆምኩት በለንደን ሒሳብ ቢሰላልኝ ቢያንስ አንድ አባዱላ እገዛ ነበር፤ ያውም ራሴ የምሞላው።

እኛ የጭሮ ሰዎች ደግሞ ሌላ የጎን ውጋት አለብን። ከተማችን መሐል ናት። ከአዲስ አበባ 320 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ ድሬዳዋንና ሐረርን ከፊቷ አስቀድማ፣ በዋናው አስፋልት ላይ ተኝታለች። አስፋልቱ ላይ መኪና ሞልቷል፤ ሁሉም ግን የሌላ ሰው ነው። የታኅሣሥና የሐምሌ 19 የቁልቢ ገብርኤል ንግሥ ደግሞ አይነሳ። ባለስለቱን ሁሉ አዲስ አበባ ሞልታ ትልከዋለች፤ እኛ በር ላይ ቆመን የመኪና ጭራ እንሳለማለን።

በዚህ መንገድ ላይ መጋረጃ ያላቸው፣ ወንበራቸው የሚለጠጥ፣ ውኃና ኬክ የሚያድሉ አውቶቡሶች የመጡ ጊዜ አገሩ ጉድ አለ። ሳይሞላ ይሄዳል! በሰዓቱ! ከወንበር በላይ አይጭንም! አቤት ሥልጣኔ አልን። አንድ ማክሰኞ፣ ከመሥሪያ ቤት ፈቃድ ወስጄ፣ የአጎቴ ልጅ ሰርግ ነበረኝ፣ ድሬዳዋ። ስሙን የማልጠራው አንድ አውቶቡስ ለምሳ ጭሮ አንድ ሆቴል በር ላይ ቆሟል። በመስኮቱ አየሁ፤ ስድስት ወንበር ባዶ ነው። አስተናጋጁን ጠጋ ብዬ፣

«ወንድሜ፣ ድሬዳዋ ውሰደኝ» አልኩት።

«መንገድ ላይ አንጭንም።»

«ባዶ ወንበር አለ እኮ።»

«አለ። አንጭንም።»

የመጀመሪያው ገጠመኜ ነው፦ ባዶ ሆኖ ሙሉ የሆነ መኪና። የኛው ሙሉ መስሎ ባዶ ነው፤ ያ ደግሞ ባዶ መስሎ ሙሉ። ምክንያቱን ኋላ ነው የሰማሁት። መንገድ ላይ የሚሳፈር ሰው ሒሳብ ኩባንያው ካዝና ሳይደርስ ኪስ ውስጥ ይቀራል ተብሎ ተፈርቷል። ባለቤቱ የገዛ ሠራተኛውን ስላላመነ እኔ ሰርግ ይቀርብኝ! ለምኜ ለምኜ በመጨረሻ አንድ መላ ተገኘ፤ ከአዲስ አበባ ጀምሮ ያለውን ሙሉ ሒሳብ ከፍዬ፣ ሕጋዊ ቲኬት ተቆርጦልኝ ልሄድ። ከፈልኩ። አዋሽን ሳላይ የአዋሽን ከፈልኩ። የአሰቦትን ሜዳ፣ የሚኤሶን ሙቀት፣ እኔ ቤቴ ቁርስ ስበላ አውቶቡሱ የወጣውን ዳገት ሁሉ ከፈልኩ። ኬኩን እንኳ አልሰጡኝም፤ የታደለው ጠዋት ነው።

ይህም ባላስከፋ። ሐሙስ ስመለስ ባለቤቴ ሱሪዬን ልታጥብ ኪሴን ፈተሸች። ቲኬቱን ከፍ አድርጋ አነበበችው። «መነሻ፦ አዲስ አበባ።» ቀኑን አየች። አንድ ጊዜ ቲኬቱን፣ አንድ ጊዜ እኔን።

«ማክሰኞ ጠዋት አዲስ አበባ ምን ትሠራ ነበር?»

«ጭሮ ነበርኩ። ቁርስ አብረን በላን እኮ!»

«ማኅተም አለው» አለች።

ማኅተም ካለው ነገር ጋር መከራከር አይቻልም። የመንግሥት ሠራተኛ ስለሆንኩ አውቀዋለሁ። ለአንድ ሳምንት ያህል ያልሄድኩበትን አዲስ አበባ ስክድ ኖርኩ።

አሁን ወደ ወሬው ልመለስ። ይመጣል የተባለው የግል ኩባንያ የመጣ እንደሆነ፣ ሐጂ የብልሽቱን ነገር ይጠይቁታል፣ መምህሩ የታሪፉን፣ ባለባጃጁ የራሱን ዕጣ። እኔ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ለሹፌርህና ለረዳትህ በምን ትከፍላለህ? «በጫኑት ሰው ልክ» ካለኝ፣ እናውቀዋለን፤ ጀሪካን ያላት እናትና እኔ እየተሯሯጥን እንሞላዋለን። «በወር ደመወዝ፣ ሌላው አያገባቸውም» ካለኝ ጃንጥላ እገዛለሁ። «ሰዉ ፌርማታ ላይ በቆመው ደቂቃ» ካለኝ ግን ሻዩን እኔ እጋብዘዋለሁ፤ ሐጂም ይጨምሩበታል። ከከተማው ጋር ሲዋዋልም ይህቺን ነገር ውሉ ላይ ቢያሰፍራት፣ ደቂቃውን የሚቆጥረው ደግሞ ራሱ ኩባንያው ባይሆን ደስ ይለናል። ሰኞ ገበያ ነው፣ ዓርብ ሶላት ነው፣ ዝናብ ነው የሚል ምክንያት አስቀድመን ስለምናውቀው እሱን ባያዘጋጅ።

ባለፈው ሰኞ መናኸሪያው ውስጥ ያንን ልጅ እንደገና አገኘሁት። ሻንጣው ተቀይሯል፤ ዕድገት አግኝቷል መሰለኝ። ወሬው እሱም ዘንድ ደርሷል።

«ጋሼ፣ አውቶቡሱ ሳይሞላ የሚሄድ ከሆነ እኔ ምን ልሥራ?» አለኝ ከልቡ አዝኖ።

«ለንደን ውስጥ የሚቆጠረው የተቀመጠ ሰው ሳይሆን የቆመ ሰው ነው» አልኩት። የሰማሁትን ሁሉ ነገርኩት። ፌርማታ ላይ ስለሚቆም ሰው፣ ስለሚለካው ደቂቃ፣ ስለ ጉርሻና ስለ ቅጣት። በጥሞና አዳመጠኝ። አሰበበት።

«ለመቆም ስንት ይከፍላሉ?» አለኝ።

መልስ ሳልሰጠው አንድ ባለጉዳይ መጣ፤ ልጁ «ይቅርታ ጋሼ» ብሎ ወንበሩን ለቀቀ። ረዳቱ «ሙሉ ነው! አንድ ሰው ብቻ!» ማለቱን ቀጠለ። 1 ሰዓት ከ20 ላይ ወጣን። መሰላ ስደርስ የፊርማው መዝገብ ከጠረጴዛው ላይ ተነስቷል።